ወርቃችን ያለበትን በእንግሊዝኛ መጠቆም ስላስተማሩን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ሼህ ሐመድ፣ ለመንጌ ሹም፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎንም ከቁርጥማት ይጠብቀው። በቅሎዎስ እንደምን ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በእርስዎ ቸርነት እንግሊዝኛ ከመማር በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ይህችን ወረቀት በገበያው ዋርካ ላይ የሰቀልኳት፣ እጅዎ ከመድረሷ በፊት ሰው ሁሉ ምስጋናዬን እንዲሰማልኝ ብዬ ነው። አማርኛዬ ቢወላገድ ጥፋቱ ግማሹን አስተምሮኝ ወደ ቡለን የሄደው የጸሐፊው የአቶ አሻግሬ ነው።

በገበያ ቀን አዋጅ ሲያስነግሩ፣ እንግሊዝኛ ያወቀ ልጅ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር እኩል ቆሞ ይነጋገራል ብለው ነበር። አምኜ ትምህርቱ ከሚሰጥበት ሾላ ሥር ቀድሜ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሆኖም አንዳንድ ነገር አልገባ ብሎኛልና ያስረዱኝ።

አንደኛ፤ መምህራችን፣ ያ በድንኳን ያሳረፉት እንግሊዛዊ እንግዳዎ፣ «እናት» እና «ገንፎ» ከማለታችን በፊት «ወንዝ»ን፣ «አሸዋ»ን፣ «ቆፍር»ን እና «የት ነው»ን አስተማረን። የእንግሊዝ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በዚህ ከሆነ አሳዘኑኝ።

ሁለተኛ፤ ፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እናትህ ወርቅ የምታጥበው የት ነው? የመንጌ ሴት ስፍራዋን ለጎረቤት ቀርቶ ለባሏም እንደማትናገር ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ የእርስዎም እናት ለአባትዎ አልነገሩም ይባላል። አብሮኝ የሚማረው ሙርሳል ግን የአክስቱን የዓዲላን ስፍራ በጥሩ እንግሊዝኛ ጠቆመና የሽልማት ስኳሩን ላሰ። በማግሥቱ ዓዲላ ገበቴዋን ይዛ ብትወርድ ስፍራው ታጥሮ፣ የእርስዎ ዘበኛ ቆሞበት አገኘችው። ሂጂ ብሎ መለሳት፤ በበርታ ቋንቋ ነው ያላት፣ እሱ ገና ትምህርት አልጀመረም። ዕውቀት እንዲህ ቶሎ ሲያፈራ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ የጎረቤታችን ልጅ ኸድራ ልማር ብላ ብትመጣ ሴት አትማርም ተብላ ተመለሰች። ወርቁን የሚያጥቡት ሴቶች፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለወንዶች! ሴቶቹ ቢማሩ ከመመለስ ይልቅ መጠየቅ ያበዛሉ ተብሎ ተፈርቶ ይሆን? እኔ አላልኩም፤ ዋርካው ነው።

አራተኛ፤ «ይህ የኛ ነው» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብዬ ብጠይቅ፣ ገና አልደረስንበትም ተባልሁ። «እምቢ»ስ? እሱም ገና ነው። ትምህርቱን ጠልቼ አይደለም፤ ለእናቴ ለኢንቲሳር ወንዝ ዳር የመጣባትን ባዕድ በገዛ ቋንቋው የምመልስላት እስክሆን መማር እሻለሁ። እሷ ግን ከትምህርት ስመለስ፣ ዛሬ ሸጥኸኝ ወይስ ገና ፊደል ይቀርሃል እያለች ትስቅብኛለች። ዓይኗ ግን አይስቅም።

ባለፈው ሰኞ ተራዬ ደረሰ። ታዛዥ ተማሪ ነኝና ከሾላው ማዶ ያለውን ጉብታ በጣቴ አሳየሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጠረ። ስኳሬን ብጠይቅ፣ ወርቁ ሳይገኝ ምን ሽልማት አለ በሚል ፊት መምህሩ «ኖ!» ብሎ ጮኸብኝ። ስጠብቀው የኖርሁት የ«እምቢ» ትምህርት በመጨረሻ መጣ፤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እንግዲህ የዓዲላ አጥር ተነሥቶ፣ ኸድራና እናቶቻችን ከሾላው ሥር ከፊት እንዲቀመጡ በትሕትና እለምናለሁ።

ጥላዎን እንዳልረግጥ ራቅ ብዬ የምከተልዎ፣ ከዛሬ ጀምሮም ይበልጥ የምርቅዎ፣ ስኳሩ የቀረበት ተማሪዎ፣
ጁምዓ የኢንቲሳር ልጅ

ይህን ሳልጨምር ብቀር ነውር ነው፦ ሰዎችዎ የሚቆፍሩት ጉብታ የጨው ነጋዴው የባቢከር አህያ የተቀበረችበት ነው፤ ሽታው ከጀመረ ደርሳችኋል ማለት ነው። የእናቴን ስፍራ ዳግመኛ ማወቅ ከፈለጉ በእኔ በኩል አይድከሙ፤ የተማርኋትን ቃል ለወርቅ አጣቢዎቹ ሁሉ አስጠንቻቸዋለሁና፣ ራስዎ ወንዝ ዳር ወርደው ይጠይቋቸው፤ አጠራራቸውን ያዳምጣሉ።