ከገንዳው ላስቲክ ስላልለቀቀው የዝገት ቀለበት

ቀን፦ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደባርቅ ከተማ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

አመልካች፦ ወ/ሮ እስከዳር ገዱ፣ የእንግዳ ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ በመዋኛ ገንዳ ላይ በወጣ የዝገት እድፍ ምክንያት ከሥራዬና ከእናቴ ጋር ከምኖርበት ክፍል እንዳልወጣ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. ነገሩ የተጀመረው ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ጠቁሮ ቆይቶ ረፋድ ላይ ነፋስ የሌለው ቀጥ ያለ ዝናብ ወረደ። በግቢው የነበርነው እኔ፣ ወጥ ቤት የምትሠራው ወ/ሮ አልጣሽ፣ ዘበኛው አቶ መልከ ጼዴቅና ሥራ አስኪያጁ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ነን። እንግዳ አልነበረም።

2. ማረፊያው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የመዋኛ ገንዳው በሲሚንቶ ተሠርቶ ከላዩ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሷል። ክረምቱን ባዶውን ይከርማል። ከመስቀል በኋላ ታጥቦ ውሃ ይሞላና ከቡይት ራስ በላይ በተራራው ሲጓዙ ሰንብተው የሚመለሱ፣ ብርድ የማይፈሩ እንግዶች ይዋኙበታል። ማጠቡ የእኔ ሥራ ነው። ከዚህ በፊት በሥራዬ ተወቅሼ አላውቅም።

3. እንደሚያውቁት የሩፋኤል ዕለት የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው። እኛ ዘንድ ግን ጣራ ነክቶ ወይም ከዛፍ ተንጠባጥቦ የወረደውን አንይዝም፤ ከሰማይ በቀጥታ ከእቃው መግባት አለበት። ግቢያችንን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። ከላዩ ምንም የሌለበት ንጹሕ ቦታ ባዶው ገንዳ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎችና ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ወስደን ከወለሉ ላይ ደረደርን። አሮጊቶቻችን ያ ውሃ ዘመን ሳይለወጥ ካረፈበት አይነሣም ስለሚሉ እስከ እንቁጣጣሽ አልነካነውም። በእንቁጣጣሽ ስናነሣው ከየእቃው ሥር ቀይ የዝገት ቀለበት ቀርቷል። አቶ መልከ ጼዴቅ ከዳር ቆመው አዩና፣ «ቅዱስ ሩፋኤል እንደ ቀበሌ ማኅተሙን መትቶ ሄደ» ብለው አሳቁን። እኔም ስቄአለሁ። በውሃ የሚለቅ መስሎኝ ነበር።

4. አልለቀቀም። በሳሙና አሸሁት፤ በአመድ አሸሁት። ከዚያ በረኪና እንዳፈስበት ታዘዝሁና አፈሰስሁ። ቀዩ ጠቁሮ የጡብ መልክ ያዘ፤ የበለጠም ነከሰ። በድስት ማጠቢያ ሽቦ ስፈገፍገው ደግሞ የሽቦው ብናኝ ከላስቲኩ ላይ አድሮ ራሱ ዛገ፤ በቀለበቶቹ መካከል እንደ ኩፍኝ ጣል ጣል አለ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድሁት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ከነዚያ በአንዱ ላይ ሎሚና ጨው ከልብስ ላይ ዝገት እንደሚያስለቅቅ አንብቤ ነበርና ከቆላ የመጣ ሎሚ ገዝቼ ሞከርሁ። ሁለቱ ቀለበቶች ሳሱ። ደስ ብሎኝ አጥብቄ ሳሽ የላስቲኩ ሰማያዊ ቀለምም አብሮ ሄደ። አሁን በቀይ ቀለበት ፈንታ ነጭ ቀለበት አለ። ከዚያ ወዲህ እጄን ለማሳረፍም ፈራሁ።

5. የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ያልሄድሁበት የለም። የውሃ ሠራተኞች ቧንቧ ካልሆነ አይመለከተንም አሉኝ። ለገበሬ ውሃ ማቆሪያ ተመሳሳይ ላስቲክ የሚያነጥፉ አንድ የግብርና ባለሙያ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። «ያፈስሳል ወይ?» አሉኝ። አያፈስስም አልሁ። «እንግዲያው ምን ሆነ? በሬ ቀለም አይቶ አይጠጣ» አሉና ሌላ ሰው አስገቡ።

6. ይህን አንቀጽ የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ ነው። እቃዎቹን ከገንዳው እንድናኖር የነገሩን አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ ትሕትና የመውለጃዋ ወር ስለነበር፣ «እትዬ እስከዳር፣ ከገንዳው አስቀምጡት፤ ለትሕትናም አንድ ጀሪካን አስተርፉልኝ» አሉኝ። አስተረፍሁላቸው። እርሷም በሰላም ተገላገለች፤ እሰየው። በኋላ አዲስ አበባ የሚኖሩት የማረፊያው ባለቤት የገንዳውን ፎቶ በስልክ አይተው ያበላሸው ሰው እንዲሰናበት አዘዙ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ትእዛዙ የራሳቸው መሆኑን አልነገሯቸውም። ይናገሩ ብዬ ብከስሳቸው የአራስ ቤት እንጀራ እዘጋለሁ። ወ/ሮ አልጣሽም ልመስክርልሽ ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኋት። ስለዚህ የማረፊያው ባለቤት ሲጠየቁ ይህ አንቀጽ እንዳይነበብላቸው እለምናለሁ። ሳልጽፈው ብቀር ደግሞ እርስዎ በገዛ እጄ ያመጣሁት ጥፋት ይመስልዎታል። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

7. መስከረም 26 ቀን አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የስንብቱን ደብዳቤ ሰጡኝ። «በቸልተኝነት» ይላል። ዓይኔን ሳያዩ፣ ክፍሉንም በማግስቱ እንድለቅ ነገሩኝ። ክፍሉ ከገንዳው በስተጀርባ ያለ የሠራተኛ ማደሪያ ነው። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ እማሆይ ወለተ ማርያም እግራቸው አብጦ ከአልጋ አይወርዱም። የሩፋኤልን ውሃ የቀዳሁትም ለእርሳቸው ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ቤት የለኝም፤ የሚያስጠጋን ዘመድም የለኝም።

8. ስለዚህ ክቡርነትዎ፣
ሀ) አንድ ሰው ልከው ገንዳውን እንዲያዩልኝ፤ ላስቲኩ ውሃ ይይዛል፣ የተበላሸው መልኩ ብቻ ነው።
ለ) ለሥራው ባልበቃ እንኳ እናቴ ቆመው መሄድ እስኪችሉ ከክፍሉ እንዳንወጣ እንዲያዙልኝ።
እድፉን የሚያስለቅቅ ነገር የሚያውቅ ሰው ከተገኘም ይንገረኝ፤ ያለ ደመወዝ አጥበዋለሁ።

9. እስከዚህ ያለውን ትናንት ማታ ጽፌ አስተካክዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ደግሞ እዚህ በራፍዎ ላይ ተቀምጬ እጨምራለሁ።

ስነሣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከልማድ የተነሣ ብሩሹን ይዤ ወደ ገንዳው ወረድሁ። ውሃ ለቀውበት ከቁርጭምጭሚት በላይ ደርሷል። ቀለበቶቹ ከውሃው ሥር ሰፍተው ይታያሉ። ብሩሹን ከዳር አስቀምጬ ወጣሁ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ለእናቴ ውሃና ቆሎ ከራስጌያቸው አኖርሁ፤ ዳዊታቸውንም አቀበልኋቸው። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ቁልፉን ሊቀበሉኝ ሲመጡ በመስኮት አየሁ። እናቴም ነገሩ ገብቷቸው፣ «ከውጭ ቆልፊብኝና ሂጂ። መነኩሴ ያለበትን ቤት በር አይሰብሩም» አሉኝ። ቆለፍሁ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም በጎናቸው አልፌ ወጣሁ። በእግሬ ደባርቅ ገባሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ገና አልተከፈተም ነበር።

ቁልፉ አንድ ነው፤ እርሱም በእጄ ነው። እናቴ ከውስጥ ናቸው። መልስዎን ሳልሰማ ብመለስ በሩን የምከፍተው እናቴን ይዤ ለመውጣት ነውና፣ እባክዎ ዛሬ ያነጋግሩኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
እስከዳር ገዱ
(ፊርማ)