የሁለተኛው ቀን መልስ፣ ሦስት ዓመት ዘግይቶ

ለክቡር የባሕር ዳርቻዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ዋናው ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል፤

ጤና፣ ሰላምና ብልጽግና ለክቡርነትዎ፣ ለቤተ ሰብዎ፣ እንዲሁም ያለፉትን አምስት ደብዳቤዎቼን ያለ አንዳች መሰልቸት ተቀብሎ በአደራ ላስቀመጠልኝ መሳቢያዎ ይሁን። እኔ በታቦንኑካ መንደር የምኖር፣ አርባ ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ሰማንያ አንድ የሞላኝ ቴን ታባኪ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት አይችልም፤ ዳር እስከ ዳር ብትታይ ከቁመቴ የሚበልጥ ከፍታ በሌላት ደሴት ላይ ግን ይህ ሕመም ማንንም አሳስቦ አያውቅም።

ይህን ጽሑፍ በአደባባይ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን ብቸኛ መልስ “ጉዳዩ እየታየ ነው” የሚል ሲሆን፣ እኛም በበኩላችን ጉዳዩን ጧት ማታ እያየነው ስለምንገኝ፣ አንድን ነገር አብረው የሚያዩ ሁለት ወገኖች ስላዩት ቢነጋገሩ ነውር የለውም ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጽሕፈት ቤትዎ ስላሠራልን የባሕር መከላከያ ግንብ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስድስት መቶ ሜትር ርዝመቱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ፣ ሲሚንቶው የማይላላ፣ ዓሣ ለማድረቅም ሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀምጦ ለመጨዋወት እጅግ የተመቸ ሥራ ነው፤ ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ያለ መቀመጫ አላየሁም። እንከን ይውጣለት ከተባለ አንድ ብቻ አለው፤ ባሕሩ የሚመጣው በሌላው በኩል ነው። ይህች ጥቂት ነገር ያስከተለቻቸውን ጣጣዎች በሚከተለው ተራ ለመዘርዘር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ በከተማ ብዙ ስለ ሰነበቱ ረስተውት እንደ ሆነ፣ ደሴታችን ቀጭን ናት፤ በጀርባዋ ታላቁ ውቅያኖስ፣ በፊቷ ጸጥተኛው ውስጠኛ ባሕር አለ። ጨረቃ ሞልታ ነፋስ ከጀርባ ሲነሣ ውቅያኖሱ ዳርቻውን ዘልሎ በቤቶቻችን መካከል ያልፋል። በአባቶቻችን ዘመን ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ቢሆን ብዙ ነበር፤ ዛሬ ባሕሩ ከፍ ከፍ ብሎብን በዓመት ሁለት ጊዜ ይጎበኘናል። የሆነ ሆኖ ጨዋ እንግዳ ነበር፤ ጧት ገብቶ ሳይመሽ በውስጠኛው ባሕር በኩል ይወጣል፤ ጨውም ከአሸዋችን በታች ወደ ተኛው ጣፋጭ ውሃ ለመውረድ ጊዜ አያገኝም ነበር። እነሆ ግንብዎ በመውጫው በር ላይ ስለ ቆመ፣ ባለፈው ሙላት የገባው እንግዳ መሄጃ አጥቶ አሥራ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ሰነበተ። የፈሰሰ አይታፈስም ይባላል፤ የእኛ ችግር ግን የገባው አልፈስም ማለቱ ነው።

በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት መንደሩ ካለው አሥራ አራት የባባይ ጉድጓድ አሥራ ሦስቱ ሞቱ። ባባይ፣ ያ ሰው የሚያህለው የረግረግ ጎደሬ፣ አያት ቆፍሮ የልጅ ልጅ የሚበላው፣ ሠርግም ተዝካርም ያለ እርሱ ሠርግና ተዝካር የማይባልበት ተክል መሆኑን ለአገር ልጅ መንገር ነውር ነው፤ ስለዚህ አልናገርም። የተረፈው አንዱ ጉድጓድ በሰሜን ጫፍ የሚገኘው፣ የሟቹ ወንድሜ ባለቤት የኔይ ቴሬትያ ጉድጓድ ነው። ኔይ ቴሬትያ በየማለዳው ወደ ጉድጓዷ ወርዳ ጣቷን ከውሃው ነክራ ትቀምሳለች፤ ሴቶቹ ከላይ ቆመው ፊቷን ይጠብቃሉ። “ዛሬም አለች” ካለች ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። መንደራችን እንደ ገና ጎደሬ የሚተክል ከሆነ ችግኙን የሚያገኘው ከዚያች ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ። ጉዳታችንን እንድናስመዘግብ ስለ ላኩልን ቅጽ በጣም እናመሰግናለን። ቅጹ “ባሕሩ ግንቡን አልፎ ገብቷልን?” ብሎ ይጠይቃል። አላለፈም። ባሕሩ ግንቡን አላለፈም፤ ግንቡም ባሕሩን አላሳለፈም። በቅጹ ላይ “ከግንቡ ወዲህ የተኛ ባሕር” የሚል ሳጥን ስላልነበረ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በመዝገቡ ታቦንኑካን “ጉዳት ያልደረሰባት” ብሎ እንዳሰፈረ ሰምተናል። ዜናው ሲነበብ ኔይ ቴሬትያ ቆም ብላ አዳመጠችና ለጎረቤቷ፣ “እንኳን ነገሩን። ለካ የሚያስለቅሰን ደስታ ነው” አለቻት።

ሦስተኛ። ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው ታንከርም እናመሰግናለን። ዝናብ ከቀረ ሰባት ወር ስለ ሆነው ታንከሩ እስካሁን ንጹሕ ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ስም የተጻፈበት ሰሌዳም ጥላ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ያስጠልላል። ክቡርነትዎን በዝናብ አልከስም፤ ዝናብን በተመለከተ የሚከሰሱት ወገኖች ብዙዎች ናቸው፤ አገራቸውም ሩቅ ነው፤ እነርሱም ጉዳዩን እያዩት ነው።

አራተኛ። ለግንቡ ድንጋይ ማመላለሻ የተሠራው መሻገሪያ መንገድ፣ ከውስጠኛው ባሕር ወጥተው እንቁላል የሚጥሉትን ዓሦች መተላለፊያ ዘግቷል። ዓሦቹ አልጻፉልዎትም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ክስ በእኔ ላይ ነው። ክቡርነትዎ እስካሁን ያነበቡትን ሁሉ በትዕግሥት ስለ ተሸከሙልኝ፣ ይህን ስነግርዎ እፎይ እንደሚሉ አልጠራጠርም።

በማኔያባችን፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ በሚመክርበት በዚያ ሰፊ አዳራሽ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከአባት የወረሰው መቀመጫ አለው፤ ለእንግዳ መልስ መስጠት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የእኛ መቀመጫ ድርሻ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወጣቱ መሐንዲስዎ ቴን ካይራ መጣ፤ ትሑት ልጅ ነው፤ በምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ያቀረብንለትን በላ። ከዚያም ካርታውን ዘርግቶ በብዕሩ ወደ ውስጠኛው ባሕር እያመለከተ፣ “ባሕሩ የሚያስቸግራችሁ በዚህ በኩል ነው አይደል?” ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ተነሥቼ፣ “እንግዳችን እንዳለው ነው” አልሁ።

ውሸቴን አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ቀን መልስ መስጠቴ ነበር። ከመንገድ የመጣ፣ ገና ላቡ ያልደረቀ፣ ማዕዳችንን የቀመሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይታረምም። በመጀመሪያው ቀን እንግዳው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። በመካከላችን ካደረ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ያው ተናጋሪ ከዚያው መቀመጫ ተነሥቶ፣ “እንግዳችን ትናንት ያለው መልካም ነው፤ ሆኖም” ይላል። በታቦንኑካ እውነት የሚነገረው ከ“ሆኖም” በኋላ ነው፤ ጋብቻም፣ ድንበርም፣ የጀልባ ሽያጭም እንዲሁ። ይህን የማያውቅ የአገር ልጅ ይኖራል ብዬ በሰማንያ አንድ ዓመቴ ለአፍታ እንኳ አስቤ አላውቅም።

ቴን ካይራ በዘጠኝ ሰዓቱ አውሮፕላን ተመለሰ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ተሰበሰቡ፤ እኔም “ሆኖም”ን በአፌ ይዤ በቦታዬ ቆምሁ፤ የእንግዳው ምንጣፍ ግን ባዶ ነበር። ባዶ ምንጣፍ አይታረምም። ከአራት ወር በኋላ በመጣልን ዘገባ ላይ፣ “ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል” የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብሁ፤ ከዚያ በኋላ የጻፍሁልዎትን ደብዳቤዎች ዕድል ከላይ ገልጫለሁ።

ጉድጓዶቹ በሞቱበት ሳምንት ኔይ ቴሬትያ ወደ ቤቴ መጣች። ዋርሳ እንደ መሆኗ ከወጣትነታችን ጀምሮ ብትቀልድብኝም አልከፋባትም፤ የዚያን ቀን ግን አልቀለደችም። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ሁለት ሰዓት ቆሞ እንደ ነበር አስታወሰችኝ። “ወንድምዓለም፣ እግር አልነበረህም?” አለችኝ። እንግዳን እየሮጡ ማረም ነውር መሆኑን ነገርኋት። “እንግዲያው ነውሩን አንተ ብላው፤ የእኔ ምግብ ጎደሬ ነበር” ብላ ሄደች።

ስለዚህ ከጥፋቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ፤ የእርስዎንም ድርሻ ሳያበላሹ ተቀብለው እንዲያስቀምጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። በሰሜን ጫፍ፣ ከኔይ ቴሬትያ ጉድጓድ አጠገብ፣ ሲሚንቶ በማለቁ ብቻ ሳይሠራ የቀረ የአርባ ሜትር ክፍት ቦታ አለ። ያ የአሥራ አንድ ቀን ውሃ በመጨረሻ ተንጠፍጥፎ የወጣው በእርሱ ነው፤ ጉድጓዷም የተረፈችው በእርሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰን ማስታወቂያ፣ የሠራተኞች ቡድን ታላቁ ሙላት ከሚጠበቅበት ሙሉ ጨረቃ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደርሶ “ቀሪውን አርባ ሜትር በመዝጋት የነዋሪውን ደኅንነት ሙሉ እንደሚያደርግ” ተበሥሮልናል። ግንቡን የነካ በሕግ እንደሚጠየቅም በዚያው ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ሰፍሯል። ያቺ ክፍተት ተዘግታ ሙላቱ ከመጣ፣ ኔይ ቴሬትያ በማግስቱ ጣቷን ነክራ የምትለውን ቃል ከአሁኑ እናውቀዋለን።

የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ያ አርባ ሜትር እንደ ተከፈተ ይቆይ፤ በግንቡም ወገብ ላይ ሁለት ክንድ የሚሰፋ አንድ በር እንድንከፍት በጽሑፍ ይፈቀድልን። መዶሻው ከእኛ፣ ጉልበቱ ከእኛ፣ ፊርማው ከክቡርነትዎ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች፣ ውሃ በፈቃድ ወረቀት እንደሚታገድ ሳያውቁ ስላለፉ ይቅር ይበሏቸው።

ፊርማው ሳይደርስ ቡድኑ ቢደርስ ግን አንዳች አይስጉ፤ ሠራተኞችዎን አንድም ሰው በክፉ ዓይን አያያቸውም። ሽማግሌዎች ተመካክረን በክብር ልንቀበላቸው ወስነናል። በእንግድነት መጥቶ ማዕድ የቆረሰ ሰው፣ የመሸኛው ንግግር ሳያልቅ የሥራ መሣሪያ ማንሣት እንደማይችል ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ በጀልባ የሚያመጣቸው ካፒቴንም የእህቴ ልጅ ስለ ሆነ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የመሸኛ ንግግሩ ሳያበቃ ሞተር አያስነሣም። ንግግሩ የተሰጠው ለእኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ግንቡ ውበት እናገራለሁ፤ ከልቤም ነው። በሁለተኛው ቀን “ሆኖም” እላለሁ። ከ“ሆኖም” በኋላ የመንደሩን ጉድጓዶች ቆፋሪዎች የትውልድ ሐረግ፣ አሥራ አራቱንም፣ ከመጀመሪያው ሰው ጀምሬ ስማቸውን ሳልዘል እዘረዝራለሁ፤ ድምፄ ቢደክም ከእኔ የሚቀበሉ አራት ሽማግሌዎች ተዘጋጅተዋል፤ የሚያስቸኩለንም ነገር የለም።

የእንግዳው ምንጣፍ በማኔያባችን የሚነጠፈው፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት፣ በውቅያኖሱ በኩል ባለው ዝቅተኛ ዳር ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ጨረቃ ስትሞላ፣ ባሕሩ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ ከእኔ አፍ መስማት አያስፈልጋቸውም። ባሕር የመጀመሪያ ቀን መልስ አያውቅም፤ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ይጀምርላቸዋል።

የክቡርነትዎን ዕድሜ እንደ ግንብዎ ያርዝምልን፣ ማስተዋልዎንም ግንብዎ ባልቆመበት በኩል ያቁምልን እያልሁ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከባሕሩ በታች ልንሆን አንድ ክንድ በቀረን በታቦንኑካ ሰዎች ስም፣ ከአባቴ መቀመጫ ላይ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ እስከ ሁለተኛው ቀን፣
ቴን ታባኪ

ማስታወሻ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተላከችው ጠርሙስ የተሞላችው፣ የጽሕፈት ቤትዎ ዘገባ “ለመጠጥ ተስማሚ” ካለውና ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ከሆነው የመንደራችን ጉድጓድ ነው። ኔይ ቴሬትያ በእጇ ቀድታ፣ ክዳኑን አጥብቃ የላከችልዎ ስለ ሆነ ሻይ አፍልተው እንዲጠጡበት አደራ ብላለች። ለመጀመሪያው ቀን “ይጣፍጣል” ብለው ቢጽፉልን ይበቃናል፤ የሁለተኛውን ቀን መልስ፣ ጉሮሮዎ ሲሻለው፣ እንጠብቃለን።