አሥራ ሰባት ቁጥር

ለታናሽ ወንድሜ ለሻንዌን፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ እርማት ላስቀድም። እህትህ ቴሌቪዥን በዱላ ሰበረች የሚል ወሬ መንደራችሁ መድረሱን ሰማሁ። ሐሰት ነው። የጠረጴዛ ልብስ ነው የጣልኩበት፤ የተሰበሩት ሁለት ሳህኖች ናቸው። አንተስ እንዴት ነህ? ጉልበትህ ደረጃ መውጣት ቻለ? ሚስትህን ሳሉ ተዋት? የፖም ዛፎቹስ ከበረዶ ተረፉ?

የሆነው እንዲህ ነው። ምራቴ ዩንሻን የምትሠራው መተግበሪያ በአንዱ መሣሪያ የጀመርከውን በሌላው ያስቀጥልሃል፤ በታብሌት የተውከውን ቴሌቪዥኑ ይቀበለዋል። የእኔንም ታብሌት ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ጋር ልታገናኘው ፈቃዴን ጠየቀች። ጽሑፉ ረጅም ነበርና ሳላነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴት!

ከጥር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ራሴን በድብቅ እፈትናለሁ። ያኔ ያስተማርኩትን የልጄን የኬቻንግን ክፍል አርባ ስምንት ተማሪዎች ስም በየቁጥራቸው በቃሌ ታብሌቱ ላይ እጽፍና ከድሮው መዝገብ ጋር አስተያይቼ በቀይ አርማለሁ። በጥር አርባ ስምንቱንም አገኘሁ። አሁን ወደ ሠላሳ ሦስት ወርጃለሁ። አባታችንን መርሳቱ እንዴት እንደጀመረው አንተም ታስታውሳለህ።

ቅዳሜ ዩንሻን የሥራ ባልደረቦቿን ምሳ ጋበዘች። ታብሌቴን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ ቴሌቪዥኑ መምጣቴን አውቆ ጠዋት የተውኩትን ገጽ ዘረጋው፤ የትናንቱ በቀይ የታረመ፣ የዛሬው ገና ያልታረመ። እንግዶቹ የታሰበ ማሳያ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንደኛው «ወይኔ፣ ቀይ እስክሪብቶ! እማማ፣ እኔን ሳይቀጡኝ ዓሣዬን ልጨርስ!» ብሎ አሳቃቸው።

ኬቻንግ ግን የመብሊያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። «እማዬ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ባዶ ነው እኮ» አለኝ። «አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ።»

ሻንዌን፣ የገዛ ልጄን ረሳሁት! የጠረጴዛውን ልብስ ከነሳህኑ ስቤ ስክሪኑን የሸፈንኩት ያኔ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዩንሻን «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁኑኑ ግንኙነቱን ላቋርጠው» ብላ አለቀሰች። ተዪው አልኳት። ተፈታኟም አራሚዋም እኔው ሆኜ ስምንት ወር ሙሉ ማን ሊደርስልኝ ኖሯል?

ሚስትህን ሳምልኝ፤ ለልጆችህ በየስማቸው ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ስማቸውን ያልጻፍኩት እንዳልሳሳት ነው። ለጎረቤቶችህም የቴሌቪዥኑን ነገር አርምላቸው።

ነገ በሦስት ሰዓት ከኬቻንግ ጋር ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ቁርስ። ከቁርስ በፊት ፈተናዬ፣ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም እያዩኝ። ከሁሉ በፊት አሥራ ሰባት ቁጥርን እሞላለሁ።

እህትህ ሩይፋንግ
ሼንዠን፣ የመኸር ጨረቃ በዓል ባለፈ በአምስተኛው ቀን