ባለ ሠላሳ ሁለቱ ብሬከር

ውድ ሲስተር ኔደልካ፣

ይህ ደብዳቤ ከመርማሪዋ ስልክ ቀድሞ ጣሊያን አገር፣ ባሪ እንዲደርስልኝ ፈጣሪን እየለመንኩ ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ትደውልልሻለች። ነገሩን ከእሷ አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግኩ። "ይሄ ፈሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ቀረኝ ብሎ ነው?" ትያለሽ፤ በይ፣ መብትሽ ነው። ብቻ ሳትቀድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ያን ጥር እኔና አንቺ መቼም አንረሳውም። ቦይለሩ ተበላሽቶ ሆስፒታሉ በረዶ ቤት ሆኖ ነበር። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቴርሞሜትሩ አሥራ ሦስት ላይ ቆሟል። አንቺ ከቤትሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሸክመሽ መጣሽ፣ ሌላዋም ነርስ አመጣች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። እኔ ሦስት ፎቅ ወጥቼ አነሳዋለሁ፤ ምድር ቤት ሳልደርስ ተመልሶ ይወርዳል። ለአምስተኛ ጊዜ ስመጣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ በሩ ላይ ጠበቅሽኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር አንድ በለው እንጂ!"

"ምን ልበለው? ሥራውን እኮ ነው የሚሠራው። ሽቦው የአያቴ ዘመን አሉሚኒየም ነው፤ ከዚህ በላይ አይችልም።"

"ሽቦው አይችልም፤ እነሱስ ይችላሉ? ና እያቸው። ና ስልህ! ያ ጥግ ላይ ያለው አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ነው። በል ስለ ሽቦ ለእሱ አስረዳው።"

አንጀቴን በላሽው። ወርጄ ከመጋዘን ባለ ሠላሳ ሁለት አምፔር ብሬከር አመጣሁና ባለ አሥራ ስድስቱን ነቅዬ እሱን ተከልኩ። ባትሪ ያበራሽልኝ አንቺ ነሽ። "ይሄ አይወርድም?" አልሽኝ። "አይወርድም" አልኩሽ። የማይወርደው ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩሽም። ብሬከር ዘበኛ ነው፤ ሽቦው ሲግል ቀድሞ የሚያቋርጠው እሱ ነው። እኔ ደህናውን ዘበኛ አንስቼ ደንቆሮ ዘበኛ አቆምኩ። አንቺ አዋላጅ ነሽ፣ ይህን የማወቅ ዕዳ የለብሽም። እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። "ቦይለሩ እስኪሠራ ለሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከሁለታችን እንዳይወጣ" ብዬ ደረጃውን እያፏጨሁ ወረድኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ቦይለሩ ገና ሳይሠራ፣ የአዋላጆች በዓል ሆነ። በእጅሽ የተወለዱት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ኮሪደሩን ሞሉት። ሳሙና፣ አዲስ ፎጣ፣ ወይን፣ ትኩስ የአይብ ቂጣ፣ ባኒጻችንን፣ ይዘው መጡ። እንደ ወጉ እያንዳንዷ እናት በተራዋ ውሃ እያፈሰሰች እጅሽን አጠበችሽ፤ አንቺም "ኧረ ቆዳዬን ላጣችሁት!" እያልሽ ትስቂ ነበር። አንዷ ባኒጻ ልታሞቅ ምድጃ ሰካች። ሌላዋ የውሃ ማፍያ ሰካች። ሁሉም እዚያው መስመር ላይ ነው።

እኔ አየሁ፣ ኔደልካ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ምድጃው ሲሰካ ባኒጻዬን እያላመጥኩ ቆሜ አይቻለሁ። "ንቀሉት" ማለት ነበረብኝ። ግን ሴቶቹ "ስቶይኮ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዘንድሮስ መብራት አልጠፋም!" እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል። ደስ አለኝ፤ ሰው ሲያመሰግነኝ አልለመድኩም። ሌላ ቁራሽ ባኒጻ አነሳሁ።

ከዚያ ሽታው መጣ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ በእኛ ሙያ ያለ ሰው ከሺህ ሽታ ይለየዋል። እኔ ዋናውን ማብሪያ ላጠፋ ወደ ታች ስሮጥ አንቺ ወደ ውስጥ ሮጥሽ። አጥፍቼ ስመለስ ሦስቱ ሕፃናት በስጦታ ፎጣሽ ተጠቅልለው በእናቶች እቅፍ ውስጥ ናቸው። ሶኬቱ ቀልጦ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። የሚነደውን ማሞቂያ ከኢንኩቤተሩ ሥር በባዶ እጅሽ ነቅለሽ ጎትተሽ አውጥተሽው ነበር። እጆችሽን ወደ ላይ ይዘሽ ቆመሽ "ተቆጠሩ? ሦስቱም አሉ?" ትያለሽ። እጅሽን ማየት አቃተኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ አሁን የምጽፈው ነው። አንቺን በፋሻ ሲያስሩሽ፣ ሰው ሁሉ ወደ አንቺ ሲሮጥ፣ እኔ መፍቻዬን ይዤ ወደ ብሬከሩ ሳጥን ሄድኩ። ባለ ሠላሳ ሁለቱን ነቅዬ ባለ አሥራ ስድስቱን መለስኩ። አንዱ ብሎን አመለጠኝ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ በጭሱ ውስጥ ስፈልገው አንቺ ከማዶው ክፍል ስትጮኺ እሰማለሁ። ብሎኑን አገኘሁት። አሰርኩት። ብሬከሩን ኪሴ ከተትኩና ሲመሽ ዳኑብ ውስጥ ወረወርኩት።

አጣሪ ኮሚቴው ፊት ከኋላሽ ተቀምጬ ነበር። "ሲስተር፣ ከዚያ ቀን በፊት የኤሌክትሪክ ሳጥኑን የነካ ሰው ነበር?" ብለው ጠየቁሽ። "አሁን ጠራችኝ፣ አለቀልኝ" አልኩ በልቤ። ዞር ብለሽ አንድ ጊዜ አየሽኝ። ከዚያ "እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ስለ መብራት አላውቅም" አልሽ። "ያልተፈቀደ ማሞቂያ በማስገባት" ብለው ሁሉንም አንቺ ላይ ደፈደፉት፤ ከሥራ አባረሩሽ፣ የሙያ ፈቃድሽንም ነጠቁሽ። ኮሪደር ላይ በፋሻው እጅሽ ክንዴን ነካ አድርገሽ "እኔ አንድ ነፍስ ነኝ፣ የትም ሄጄ እበላለሁ። አንተ ሦስት ልጅ ይዘህ የት ትገባለህ?" አልሽኝ።

"አይሆንም" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ደስ አለኝ፣ ኔደልካ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንቺ ተቃጥለሽ እኔ ደስ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ሻገተ።

ዘንድሮም ቦይለሩ ተበላሸ። ባለፈው ሳምንት በአንቺ ቦታ የተሾመችው ዝላቲና አስጠራችኝ።

"ስቶይኮ፣ ብሬከሩ ዛሬ ብቻ አራቴ ወረደ። ጠንከር ያለ አድርግልን።"

"አይቻልም።"

"ለኔደልካ ተችሎ የለ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሷ ስትለምንህ እንቢ ብለህ አታውቅም። እኛ ስንሆን ደንቡ ትዝ ይልሃል።"

የቀለደች መስሏታል። እኔ ግን መሰላሉን ተደግፌ ቆምኩ። ከውስጥ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። "ማሞቂያዎቹን ንቀሉ፤ ከሌላ መስመር አዲስ ሽቦ እስብላችኋለሁ" አልኳት። ያን ዕለት ስስብ ዋልኩ፤ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። ስድስት ሰዓት ብቻ! ያኔም የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። ስጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ዝላቲናም ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።

በማግስቱ ሁሉንም ጽፌ ለዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሰጠሁ። ግልባጩ ዳይሬክተሩ ዶክተር ቤሌቭ ጋ ደረሰና አስጠራኝ።

"አንተ ሰው፣ የተዳፈነ እሳት ምን ያስቆሰቁስሃል?"

"የተዳፈነው በእሷ ላይ ነው፣ ዶክተር።"

"ማስረጃህስ? ብሬከሩ የታለ?"

"ዳኑብ ውስጥ።"

"እንግዲያ ዓሣ አስመስክር!" ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወዳጇ ነበር፣ አዝኖላት ነው ይሉሃል። የሚያምንህ የለም። ሂድና ወረቀትህን አንሳ፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ" አለኝ።

አላነሳሁም። ማታ ለቬሰላ ነገርኳት። ሚስቴን ታውቂያታለሽ፣ ዕቃ የምትወረውር ሴት ናት። ያን ማታ ግን ምንም አልወረወረችም። የልጆቹን ሳህን እያጠበች ቆየችና "ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼን ያበላሁት በሌላ ሴት ቁስል ነዋ" አለች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር "ጻፍላት" አለችኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን የሰጣት መርማሪ ቀጭን፣ ችኩል ሴት ናት፤ ግን ሰምታኛለች። "ራስህን ብቻህን ብትከስ አይበቃም። ሌላ ያየ ሰው አለ?" አለችኝ። "ባትሪ ያበራችልኝ እሷ ናት" አልኳት። ፋይሉን ገልጣ ቃልሽን አሳየችኝ፤ ከሥሩ በተጠቀለለ እጅ የተፈረመ የተጣመመ ፊርማሽ አለ። "ይሄን ካልለወጠች ፋይሉ እንደተዘጋ ይቀራል፤ የሙያ ፈቃዷም አይመለስም" አለችኝ።

እዚያ የሰው አሮጊት እያጠብሽ እንደምትኖሪ ሰምቻለሁ። ያ እጅ ለዚህ የተፈጠረ አይደለም። እዚህ ሴቶች ዛሬም ሲያምጡ ስምሽን ይጠራሉ። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ የነበረው ሁለት ዓመት ሞልቶት እናቱ ይዛው ስትመጣ ኮሪደሩን እየሮጠ ያስቸግረናል። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን ለመጠየቅ ገና ነኝ። ስለ ልጆቼም አታስቢ፤ ቬሰላ ሥራ ጀምራለች፣ እኔም ቢፈርዱብኝ የዘራሁትን ነው የማጭደው።

ማክሰኞ መርማሪዋ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቅሻለች፦ "ሳጥኑን የነካ ሰው ነበር?" ያኔ የለመንሽኝ አንቺ ነበርሽ፤ ዛሬ እኔ እለምንሻለሁ። አትማሪኝ። ለእኔ ብለሽ አንዴ ዋሽተሻል፣ አሁን ለራስሽ ብለሽ እውነቱን ተናገሪ። ስሜን ጥሪ፤ ከነአባቴ ስም ጥሪው።

እስከ ማክሰኞ የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን የሆንኩት፣
ስቶይኮ ካሜኖቭ