የሐናን ፊት እስከ ሐሙስ

ቅዳሜ

"አጥቢልኝ! ዘይነብ፣ ተቃጠልኩ!" ብላ ሐናን ስትጮኽ ከኩሽና ሮጬ ደረስኩ። ውሃ አፈሰስኩባት። የቀባኋት ቢጫ ውህድ ሲታጠብ ከሥሩ የወጣው ፊት የሐናን ፊት አልነበረም። ጉንጯ፣ አገጯ፣ የአፍንጫዋ ዙሪያ፣ ሁሉም የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ቀልቷል።

የቀባኋትን ጽፌ ልየው። የሽምብራ ዱቄት ሁለት ማንኪያ። እርድ በጣት ጫፍ። እርጎ። ማር። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ሌላ የለውም። ስንት ዓመት የሠራሁት ነው። ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ ሠርቻለሁ፤ አንዷም አልጮኸችም። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የራሴን ጉንጭ ቀብቼ፣ ሩዙ እስኪበስል ቆይቼ ታጠብኩ። ምንም አልሆንኩም።

ሠርጓ ሐሙስ ነው።

እኔ ወደ ሳዑዲ መጥቼ ለሥራ እዚህ ቤት ስገባ ሐናን ጸጉሯን የማበጥርላት ትንሽ ልጅ ነበረች። አሁን ሙሽራ ስለሆነች እንደ አገሩ ልማድ ከክፍሏ አትወጣም። ፀሐይም እንግዳም አያያትም። እሷን ማሳመሩን እናቷ ለኔ ሰጠችኝ። እናቷን ማማ ነው የምላት። "የዘይነብ እጅ ከውበት ሳሎን ይበልጣል" ብላ ለእህቶቿ በስልክ ስትነግር ሰምቼ ያን ቀን ሥራው ሁሉ ቀሎኝ ነበር የዋለው።

ማማ ዛሬ ጂዛን ከተማ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳለች። ሐናን እጄን ይዛ "እንዳትነግሪያት፤ እስከ ነገ ይጠፋል" አለች።

ይጠፋል አልኳት።

አሠራሩን ያገኘሁት አገር ቤት ሳለሁ ከጋዜጣ ቁራጭ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ወረቀት ነው። ያ ቁራጭ "ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ ግን" ይልና እዚያው ላይ ተቀዷል። ይህን ሁሉ ዓመት የተቀደደው አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ግን ምን?

እሁድ

አልጠፋም። አብጧል።

ኪያር አቀዝቅዤ አደረግኩላት፤ ገና ሲነካት ጮኸች። የሰሊጥ ዘይት ሞከርኩ፤ ባሰባት። ምነው እጄን በቆረጠው።

ለሁሴን ደወልኩና እሬት አምጣልኝ አልኩት። ሁሴን የወሎ ልጅ ነው፤ ከአሐድ አል-መሳርሐ ወጣ ብሎ እርሻ ላይ ይሠራል። ለቤቱ አትክልት የሚያመጣው እሱ ነው። በኋላ በር መጣና ገና እሬቱን ሳያቀብለኝ፣

"እታለም፣ ባለፈው ሎሚ፣ አሁን ኪያርና እሬት። ሙሽራዋን ልትድሯት ነው ወይስ ሰላጣ አድርጋችሁ ልትበሏት?" አለ።

እንዳልሳቅኩ ሲያይ ቀልዱን ተወና ምን ሆነሻል አለኝ። ነገርኩት።

"ማማሽ ሳታውቅ ብትወጪስ?"

"ወዴት?"

"እሱስ እውነትሽን ነው።" ጫማውን በደረጃው ላይ ሲያራግፍ ቆየ። "በሀሩብ በኩል ፍተሻው በዝቷል። ሁለት የኛ ልጆች ከብት ጥበቃ ላይ ሳሉ ተይዘው ማታ ፍየሎቹ ብቻቸውን ገቡ።"

እኔ ኢቃማ የለኝም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። ከየመን በተራራው በኩል በእግሬ ነው የገባሁት። በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ወረቀት አሳዪ ብሎኝ አያውቅም። ከበሩ ውጭ ግን ማንም ሊለኝ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ የማማን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማሁ። በእጄ የነበረውን እርጎ አፍሼ ሐናንን ከግንባሯ እስከ አንገቷ ለሰንኳት። ነጭ ሆና ቁጭ አለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ማማ በሩ ላይ ቆማ "ማሻአላህ፣ እረፍትም የላችሁ" ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

ማማ ራሷ እንደ ሁልጊዜው ተኳኩላ ነበር። ያለ ዱቄትና ያለ ቀለም አይቻት አላውቅም። ጠዋት እንኳ ሰግዳ ከክፍሏ የምትወጣው ፊቷን ጨርሳ ነው።

ሐናን በእርጎው ውስጥ ሆና "ጎበዝ" አለችኝ። ጥሩ ነገር የሠራን ይመስል።

ሰኞ

አወቀች።

ገና በጠዋቱ በእርጎ ሸፍኛት ነበር። ማማ ዛሬ ከበሩ አልተመለሰችም፤ ገባች። "እስኪ ውጤቱን ልየው" ብላ በሻሿ ጫፍ የልጇን ጉንጭ ጠረገች። ከእርጎው ጋር ስስ ቆዳ ተላጦ ወጣ።

 ከዚያ ዞራ ያየችው እኔን ነው፤ ሐናንን አይደለም።

"ምን አደረግሽባት?"

ቆጠርኩላት። ሽምብራ፣ እርድ፣ እርጎ፣ ማር፣ ሎሚ።

"ሎሚ! ለሙሽራ ሎሚ!"

"ማማ፣ ሐኪም ይያት" አልኩ።

"ሐኪም ቤት የሚያያት ሰው የለም? ወሬው ማታውኑ አማቶቿ ዘንድ ይደርሳል።" ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። "ይህ ፊት ለሐሙስ ካልዳነ ሹርጣ የምጠራው እኔ ራሴ ነኝ። ኸላስ።"

ሐናን ግድግዳውን ታይ ነበር። 

ፖሊስ ይዞ አገሬ ቢመልሰኝ አይደለም የሚያስፈራኝ። በመካከል ያለው እስር ነው። ከዚያ የወጡ ሴቶች ስለ እሱ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። ደግሞስ አገር ገብቼ የማን ደጅ ነው የምቆመው? እናቴ የለችም። ቤቱን ወንድሜ ይዞታል፤ ሚስቱ ስደውል እንኳ ስልኩን ቶሎ አትሰጠውም።

ያ ረቢ፣ አንድ ፊት ነው የምለምንህ። የራሴን እንኳ አይደለም።

ማክሰኞ

አንሶላ ስለውጥ ከሐናን ትራስ ልብስ ውስጥ ክብ ዕቃ ወደቀ። ነጭ ነው፤ ጽሑፍ የለበትም። ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫ ይወጋል፤ የሳሙናም የበረኪናም ነው። አወቅኩት። ኸልጣ ይሉታል፤ የሴቶች ገበያ ውስጥ ከጨርቅ ሥር አውጥተው የሚሸጡት ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ነው። የጎረቤት ሠራተኛ አንዷ ተቀብታው ፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ አይቻለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ሊያዩኝ ከመጡ ጀምሮ፤ ወር ሆነኝ።" ድምፅዋ አይሰማም። "የሙሽራው እናት 'ነጭ ናት ብላችሁን አልነበረም?' አለች። እየሳቀች ነው ያለችው።"

"ማን ገዛልሽ?"

ወደ በሩ አየች። "ማማ።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት በነሱ አልጋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ስለዚህ ማማ ታውቃለች። ትናንት ጣቷን ስትቀስርብኝ ታውቃለች። ወር ሙሉ በዚህ ነገር የሳሳ ቆዳ ላይ እኔ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ በኔ ወፍራም ጉንጭ ላይ ሞክሬ ደህና ነው አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው። የኔ ብቻ ግን አይደለም። ይህን ለማን እነግራለሁ? ፍርዱን የምትሰጠው እሷው ናት።

"ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"እናቴ ናት።"

"እኔስ?"

እንባዋ መጣ፤ ጉንጯን ሲነካት አቃጠላትና ራሷን ቀና አድርጋ ጣራ ጣራ እያየች ያዘችው። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም።

"ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይነካሽም" አልኳት። "የኔም፣ የገበያውም።"

"ቅባቱን ከተውኩ እጠቁራለሁ።"

"ጥቁሪያ! እኔ ጠቁሬ ምን ሆንኩ?"

"አንቺንማ ሹርጣ ሊወስድሽ ነው" አለች።

ተያየን። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔም። ፊቷ እየተሰነጠቀ፣ በእጇ ይዛ "አታስቂኝ፣ አታስቂኝ" እያለች። ከቅዳሜ ወዲህ የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ዕቃውን በፌስታል ጠቅልዬ ጣልኩት። ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ንጹህ ነጠላ ጨርቅ እየነከርኩ ፊቷ ላይ አደርግላታለሁ። ሌላ ምንም። እጄ ወደ ማሩ፣ ወደ ዱቄቱ መሄድ ይፈልጋል። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ ነው?

ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። መስገጃዬንም አጥፌ ከላይ አደረግኩት።

ረቡዕ

የሒናው ግብዣ ዛሬ ነበር። ሳሎኑ በሴት ተሞላ፤ ቤቱ በሙሉ ፉል በሚሉት ነጭ አበባ ይሸታል። እብጠቱ ጎድሏል። ቅላቱ ግን አለ፤ አገጯም ይላጣል።

ማማ ጠዋት ከክፍሉ ወጥታ ትገባለች፣ ወጥታ ትገባለች። ምን እንደሚደረግ አታውቅም። መላውን ያመጣችው ሐናን ናት።

"አያቴ በሒናዋ ቀን ፊቷን አላሳየችም አይደል የምትይው? እኔም እንደ አያቴ ተሸፍኜ እወጣለሁ።"

ማማ አየቻት። ከዚያ ከሣጥን አረንጓዴውን ሻሽ አወጣች፤ ወርቅማ ጥልፍ ያለው የአያቷ ነው። እኔ ከላይ አበባውን በክር አያያዝኩላት።

ትልልቆቹ ሴቶች ሲያዩዋት እልል አሉ። "የድሮው ወግ ተመለሰ!" አሉ። እኔ ሻይ አዞራለሁ። የሙሽራው እናት ተነሥታ መጣች፤ ሰፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋም ሰፊ ነው።

"የልጄን ጨረቃ እኔ እንኳ አላይም?" ብላ የሻሹን ጫፍ ያዘች።

ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ይንቀጫቀጩ ጀመር። ማማ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

"ለሐሙስ ምን ልናስቀርልሽ ነው ታዲያ? ትንሽ ጓጊ እንጂ!"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሴትዮዋም ስቃ ተቀመጠች። ማማ በኔ በኩል ስታልፍ ዓይኗ ዓይኔን ነካና ሸሸ። ከዱቄቱ ሥር ላብ ወርዷት መስመር ሠርቷል።

ሐሙስ

ሜካፕ የምትሠራዋ ሴት ገና ፊቷን ስታይ "ይህን ማን አበላሸው?" አለች። ሐናን ዝም። ማማ ዝም። እኔም ጨርቅና ውሃ ይዤ ቆሜ ዝም። ሴትዮዋ አገጯን ወደ ብርሃኑ አዞረችና "ገባኝ" ብቻ ብላ ሥራዋን ጀመረች። 

ሲያልቅ ቆንጆ ነበረች። ከቅርብ ላየ አገጯ ሻካራ ነው። ከቅርብ የሚያይ ስንት ነው? ይህን ብቻ ነው የማስበው።

እኔን ወደ ሠርጉ አልወሰዱኝም። ሐናን ወደ መኪናው ስትወጣ ልብሷን ከመሬት እያነሳሁ ተከተልኳት። "ፊቴ ይቆጠቁጠኛል" አለችኝ በጆሮዬ። "እንዳትነኪው" አልኳት። ያ ነው የመጨረሻ ቃላችን።

ሻንጣዬን አልጋዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ። ማማ ተመልሳ ስትገባ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። በኩሽናው በር አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዞራ ወደ ክፍሏ ሄደች።

አርብ

ወንዶቹ ለጁምዓ ወጥተዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሒናው አበባ በየምንጣፉ ላይ ረግፎ ቡኒ ሆኗል፤ እሱን ስጠርግ ነበር።

ማማ ኩሽና ገባች። መጀመሪያ አላወቅኳትም። ፊቷ ባዶ ነው፤ ዱቄትም ቀለምም የለበትም።

ከአፏ ግራና ቀኝ ጠቁሯል፤ ከሰል ነክቶት ያልተጠረገ ይመስላል። ጉንጮቿ ላይ ቀያይ ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተዋል። ቆዳዋ ስስ ነው፤ የሚያሳልፍ ይመስላል። በእጇ ከሐናን ትራስ የወደቀውን የመሰለ ነጭ ዕቃ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እኔ ሽንኩርት የምልጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ሐናን ደውላ ነበር" አለች።



"ሰላም ናት። ስለ ፊቷ አላወራችም። ዘይነብ አለች ወይ ነው ያለችኝ። አለች አልኳት።"

  እጇን ዕቃው ላይ ጭና ቆይታ፣

"ለኔም ሥሪልኝ" አለች። ወደ ወለሉ እያየች ነው ያለችው።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ዱቄቱ አለ፣ እርዱ አለ፣ ማሩ አለ። እጄ ሄደና ተመለሰ። ይህ ፊት ቢቃጠልስ? ያኔ ማን ሊማልድልኝ ነው? ቁም ሳጥኑን ዘጋሁት። የፈላውን ውሃ አቀዝቅዤ በጎድጓዳ ሳህን፣ ንጹህ ጨርቅ ይዤ መጣሁ።

"ይህ ብቻ?" አለች።

"ይህ ብቻ።"

"ከዚያስ?"

"አላውቅም፣ ማማ። ሐኪም ነው የሚያውቀው።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደኔ ቀና አደረገች። ጨርቁን ጨመቅኩት። ሳስቀምጥላት ተንፈስ አለች። ስለ ሹርጣ አላነሳችም። አልጠራም ብላም አልማለችልኝም።

ሻንጣውን አልፈታሁትም። መስገጃዬን ብቻ አውጥቼ ዘረጋሁ።