ለሔራን ሠርግ የተላከው ብዕር

ይድረስ ለወንድሜ ለባየው፤ ቶሪኖ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ያስቸግርህ የነበረው ወገብህስ ተሻለው? ሥራው፣ ደረጃ መውጣት መውረዱ፣ የሰው አገር ክረምቱ እንዴት አድርጎ ይዞሃል? እዚያ በረዶ ጀምሯል ብለው ስላወሩን ፍቅርተማርያም ሹራቡን ይደርባል ወይ እያለች ትጨነቃለች። እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን በሕይወት አለን። ፍቅርተማርያም ደህና ናት፤ ልጅህ ሔራንም ደህና ናት፤ ላሚቱም በደህና ተገላግላለች። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው አስቤ ነበር፤ ግን ጽሕፈቱ ያሳብቅብኛል። የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎህ ፖስታውን ገልብጠህ የላኪውን ስም ሳታይ አልቀረህም። እኔው ነኝ፣ ወርቅአገኘሁ። ሰው አላስጻፍኩም። ይህችን ደብዳቤም በአንድ ቀን ተቀምጬ አልጨረስኳትም፤ እያረፍኩ ነው የጻፍኳት።

የላክኸው ብዕር ከነቀለሙ በሰላም ደርሶኛል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ምሥራቅ ልጅ አዲስዓለም ከእናንተ ዘንድ ስትመጣ በካልሲ ጠቅልላ አምጥታ ሰጠችኝ። ወዲያው አልከፈትኩትም፤ መጀመሪያ እጄን ታጠብኩ፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ጥቁር ሰውነቱ ላይ እንደ ገብስ ቡቃያ ያለ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለው፤ ጫፉ ወርቅ ነው። ጭራውን ሳዞረው ከብልቃጡ ቀለም ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ ልነግርህ አልችልም፤ ጥጃ ሲጠባ ሰምተሃል አይደል፣ እሱን ነው። ልብ ብለህ እንደሆነ ጫፉ ወደ ግራ ትንሽ ተበልቷል። የማላውቀው ጣሊያናዊ ዕድሜውን ሙሉ እጁን አዘንብሎ ጽፎበታል ማለት ነው። አሮጌ ብዕር የምወደው ለዚህ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ አሁንም ውስጡ አለ። ትንሽ አዘንብዬ ስይዘው ደግሞ እሺ ብሎ ይሄድልኛል።

ይህን ፍቅሬን ከአንተ በቀር የሚረዳልኝ ሰው የለም። ፍቅርተማርያም ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ብዕሮች ጣውንቶቼ ትላቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጌ አንድ በአንድ ሳጥባቸው ካየች፣ የእኔን እግር አንድ ቀን እንዲህ አጥበኸው ታውቃለህ ትለኛለች። ሰፈርተኛውም ወርቅ ጫፍ ያለው ብዕር ባገኘሁ ቁጥር በስሜ ይቀልድብኛል፤ እንግዲህ እናታችን ስሙን ስታወጣልኝ ይህን አላሰበችም። አንተ በመጀመሪያ ደመወዝህ የገዛህልኝ ቀይ ዳማ ፓርከር አሁንም አለ። ያ ክዳኑ ሲዘጋ ቅጭ የሚለው የቻይና ብዕርም አለ። መዝገብ ቤት ስሠራ ሁሉም በቢክ ሲጽፍ እኔ ብቻ ብልቃጤን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጽፍ ነበር፤ ዳኞቹ ለፊርማ እንዳውሳቸው ይለምኑኛል፣ እኔ ደግሞ ቀለሙ አልቋል እላለሁ። እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም፤ ጥሩ ብዕር ግን ወረቀቱን ነካ ሲያደርጉት ቀለሙ ራሱ ይወርዳል። እጅ ያርፋል። ከሥራ ወጥቼ እንኳ፣ የምጽፈው ሲጠፋኝ፣ የጋዜጣ ርዕስ እየገለበጥኩ እጽፍ ነበር፤ የሆነ ነገር ለማለት ሳይሆን መስመሩ እርጥብ ሆኖ ሲያበራ፣ ከዚያ ሲደርቅ ለማየት።

ከብዕሩ ጋር የላክኸውን ቃል አንብቤ አልቅሻለሁ፤ አልደብቅህም። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላልተፈቀደልኝ ለልጄ ሠርግ መምጣት አልችልም፤ እናቷም በሕይወት የለች፤ ስለዚህ በጋብቻው ውል ላይ ስለ አባቷ ሆነህ አንተ ፈርምልኝ፤ ግን በእስክሪብቶ እንዳትፈርም፤ በዚህ ብዕር ይሁን፤ እኔ ባልኖር ከእጄ የወጣ ነገር እዚያ ይኑር ብለሃል። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ልጁ ምህረቱ የእነዋሪ ከተማ ልጅ ነው፤ መምህር ነው፤ ቁጥብና ሰው አክባሪ ነው። እሱን በተመለከተ አታስብ። የምታስበው ስለ እኔ እጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ መቼም አልረሳኸውም፤ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ላዩ ይጋገራል። ፊርማዬ መጨረሻ ላይ የምስባትን ጭራ ታውቃታለህ፤ እሷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ብርድ ነው አልኩ። እዚህ አገር እኮ ሁሉ ነገር ብርድ ነው፤ ጉልበት ቢያም ብርድ ነው፣ ጆሮ ቢጮህ ብርድ ነው፣ ሰው ቢያኮርፍ እንኳ ብርድ መቶት ይሆናል ይባላል። ፍቅርተማርያም ከበግ ጠጉር ጓንት ሠራችልኝ፤ የጣቶቹን ጫፍ ቆርጬ እየለበስኩ ጻፍኩ። አልሆነም። ከዚያ ቀለሙ በብርድ ወፍሮ ነው ብዬ ብልቃጡን ብብቴ ውስጥ ማሞቅ ያዝኩ። እሱም አልሆነም። ከዚያ ብዕሮቹን ማማት ጀመርኩ፤ ይሄኛው ቀጥኗል፣ ያኛው ይከብዳል እያልኩ ሳጥኑን ሙሉ ዞርኩት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ጭራሽ ባሰበት።

ጥቅምት ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ብርድ ከሆነ ብርድ የሌለበት አገር ላይ አይንቀጠቀጥም ብዬ ቆላ ለመውረድ ተነሣሁ። ለፍቅርተማርያም አንኮበር ሄጄ የአባታችንን መቃብር አይቼ እመጣለሁ አልኳት፤ አይቼዋለሁም፣ ውሸት አልተናገርኩም። ከዚያ ግን በገበያተኛ መኪና አሊዩ አምባ ወረድኩ። አብሮ አደጋችን ሐጂ ጦይብ ሱቁ በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ኮቴን አወለቅኩ፣ ላቡ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። ሐጂ ጦይብ ፓፓያ ቆርጦ አቀረበልኝና ስለ አንተ ጠየቀኝ። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ብዕሬን አወጣሁና ፊርማዬን ልጽፍ ወረቀት ለመንኩት። የፈረምኩት ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። መጀመሪያ ሐጂ ጦይብ ሳቀ፤ ወላሂ ወርቅአገኘሁ፣ ደጋውን ይዘኸው ነው እንዴ የወረድከው አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። ወረቀቷን አጥፎ ከመሳቢያው ውስጥ ከተተልኝ፤ አላህ ያሽርህ ብሎ ስለ ገበያው ማውራት ጀመረ። ባየው፣ በላብ ተጠምቄ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ብርድ ነው ማለት አልቻልኩም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም እጄን ስትመለከት ቆየችና ጠመዝማዛ መስመር እንድስል እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የራሴን ይዣለሁ ብዬ ብዕሬን አወጣሁ፤ ፈገግ አለች፤ ቆንጆ ብዕር ነው አለች። የሳልኩትን ስታይ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። የነርቭ ነው፣ ብርድ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሊያስታግሰው ይችላል፣ የድሮ ጽሕፈትዎን ይመልሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም አለችኝ። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው። እኔን ያስተኛኛል፤ እጄን ግን አያስተኛውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሔራን ይህን አታውቅም። ለሠርጉ የጥሪ ካርዶች ይዛልኝ መጣች። ከአንተ ሠርግ ጀምሮ በቤተሰባችን የተጠራ ሰው ሁሉ ስሙ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው፤ ጋሼ፣ በአንተ እጅ ካልሆነ ሠርግ አይመስለኝም አለችኝ። እኔ ምን አልኳት መሰለህ? ኮምፒዩተር ቤት ይታተም፣ ዘመኑ የእሱ ነው አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እንዳልቀለድኩ ሲገባት ካርዶቹን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ በፊት ደግሞ የእነዋሪ ሽማግሌዎች ሲመጡ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንደቀበርኩ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ብቻ ነበር የተቀበልኳቸው። እጁን እንኳ አልዘረጋልንም ብለው ሲወጡ መነጋገራቸውን ሰማሁ። ይህንንም ያንንም አንድ ላይ አድርጋ፣ ጋሼ ምህረቱን አልወደደውም፣ አባቴ ቢኖር እንዲህ አይሆንም ነበር ብላ ፍቅርተማርያም ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ፍቅርተማርያም እውነቱን ታውቃለች፤ እኔ አስምያት ነው ዝም ያለችው። ንገራት፣ ልጅቷን አትግደላት እያለች ትለምነኛለች። እኔም ልነግራት አፌን ስከፍት ስለ ድንኳን አወራለሁ። ስለ በጉ አወራለሁ። እጇን በእጄ ይዤ ሀን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ያ እጅ ከዳኝ ማለት አቃተኝ። ከዚህ በላይ ምክንያት የለኝም።

ፊርማዬን ሌት ተቀን አስባታለሁ። የውሉ ወረቀት ላይ አሊዩ አምባ እንደ ጫርኩት ብፈርም የእነዋሪ ሰዎች ሳይወድ በግዱ ፈረመ ይላሉ። ስለዚህ የቀረኝ ጣት ነው። መዝገብ ቤት ሳለሁ ስንቱን ገበሬ አውራ ጣቱን ይዤ ቀለም አስነክሬ ወረቀት ላይ አስጭኜዋለሁ። ሲወጡ ጣታቸውን በሩ መቃን ላይ ይጠርጉ ነበርና መቃኑ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። አሁን እኔ ደረት ኪሴ ላይ ወርቅ ጫፍ ያለው ብዕር ሰክቼ በጣት ልፈርም ነው። ያስቃል አይደል? እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

ባየው፣ የምለምንህን ስማኝ። ለሔራን ደውልና አንተ ንገራት። እኔ በስልክ እንዳልነግርህ ደውላ የምትሰጠኝ እሷው ናት፤ አጠገቤ ቆማ ነው የምታዳምጠው፤ ለዚህ ነው አዲስዓለም ወደ እናንተ እስክትመለስ ጠብቄ በወረቀት የላክሁልህ። ጋሼሽ ምህረቱን እንደ ልጁ ወዶታል በላት። እጁን የደበቀው ከእነሱ ሳይሆን ከራሱ ነው በላት፤ አንተ መቼም ከእኔ የተሻለ አድርገህ ትለዋለህ። ብዕርህን ደግሞ እሷ የራሷን ስም ትፈርምበት። ከአንተ እጅ የወጣው ነገር በእኔ እጅ ከሚበላሽ በእሷ እጅ ቢሆን ሳይሻል አይቀርም።

ሌላም አለ። ከእንግዲህ ብዕር አትላክልኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትዞር ዓይንህ ለእኔ ብዕር እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ሳንተያይ እንደምታስበኝ ያወቅሁት በእሱ ነው። ግን ተው። ያሉት ይበቁኛል። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባቸዋለሁ፤ ሳልጽፍባቸውም አጥባቸዋለሁ። ውሃው ውስጥ እጄ ሲንቀጠቀጥ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል፤ ለዚህ ለዚህማ ጎበዝ ሆኗል።

አብሮህ ለሚኖረው ለሙሉቀን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ምግቡን እየሠራ ስለሚያበላህ ፍቅርተማርያም ትመርቀዋለች። ለአከራይህ ለአሮጊቷ፣ ቋንቋዋን ባላውቅም፣ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ለዚያ ብዕር ለሚሸጥልህ ሽማግሌም እንዲሁ፤ ደብረ ብርሃን አንድ ወዳጅ አለህ በለው። ፍቅርተማርያም ዓይንህን እያለች ትስምሃለች። ሔራን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ አታውቅምና ሰላምታዋን አልላከችልህም፤ ግን ስምህን ሳታነሣ ቀኑ አይመሽም። ሐጂ ጦይብም ሰላም ብሎሃል።

ከስሜ በታች ያለውን ሰማያዊ ነገር ስታይ ቀለም የፈሰሰ እንዳይመስልህ። አውራ ጣቴ ነው፤ አንተ በላክኸው ቀለም ነው። ለጥር እየተለማመድኩ ነው።

ወንድምህ ወርቅአገኘሁ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.