ላልተጫወትኩት ፍጻሜ ስለሰጣችሁኝ ዋንጫ

ለክቡር ሚስተር ራልፍ ቶርንበሪ
የመሰላል ዙር የስኑከር ውድድር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለመዛግብት ክፍልዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለመዛግብት ክፍሉ ዐይኖች የምመኘው ጤና ከልቤ ነው። እኛ በዌልስ የምንኖር የአበርዴር ሰዎች ከዝናቡና ከጉልበት ሕመማችን ጋር ተስማምተን እየኖርን ሲሆን፣ ደኅና ያልሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እርሱ ነው። ነገሩን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ አላጡም፣ የጎደላቸው አንባቢ ብቻ ነው።

የዙሩን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያሳተሙትን ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ እጅግ ያማረ ነው። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ውድድሩን ሦስት ዓመት ሙሉ ዘግተውት ሳለ፣ እኛ ተጫዋቾቹ በየክለባችን እየተዘዋወርን፣ ኳሱ በስቴካ የሚመታበትን ጠረጴዛ በገዛ እጃችን እየጠረግን ያቆየነውን ጊዜ «የዕረፍት ዓመታት» ብሎ መጥራቱ በራሱ የሚደነቅ አጻጻፍ ነው። ይህንን እንኳ ዋጥ አድርጌ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን በ1996 እ.ኤ.አ. የጸደይ ውድድር ሥር «አሸናፊ፦ ደርዊን ቤይነን፤ ውጤት፦ 5 ለ 4፤ ተሸናፊ፦ ያልተመዘገበ» የሚል መስመር አለ። ደርዊን ቤይነን እኔ ነኝ። ያንን ፍጻሜ አላሸነፍኩም፤ እንዲያውም አልተጫወትኩም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን ከታላቅ አክብሮት ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጥፋቱ የተጀመረው በእኔ ስለሆነ ከራሴ ልነሣ። ክቡርነትዎ ወደ እኛ የመጡት ከቴሌቪዥኑ ጨዋታ ስለሆነ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በእኛ እርከን ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ አልነበረም። የነበረን ደንብ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይዳኛል። ሰው ተሸንፎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ እንደ መሄድ፣ አንጀቱ እያረረ ለአሸናፊው ኳስ ሲያነሣና ነጥብ ሲቆጥር ይውላል። በሰሜን ዌልስ በአንድ የባሕር ዳር መዝናኛ ካምፕ፣ በመጋረጃ በተከፋፈለ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ፣ በግማሽ ፍጻሜው ኤምሊን ፕሮሰር አሸነፈኝ። ኤምሊን የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ክለብ ያረጀ ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ እርሱና የስቶክፖርቱ ባሪ ስላተር ፍጻሜውን ሲጫወቱ የዳኘሁት እኔ ነኝ፤ ኤምሊንም በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ አምስት ጨዋታ ለአራት አሸነፈ። የውጤት ወረቀቱን መሙላት የዳኛው ሥራ ነበርና ሞላሁት። ሆኖም በአዳራሹ ያለው ሁሉ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ስለሚያውቅ የሁለቱን ስም መጻፍ ትርፍ ሥራ መሰለኝ፤ ውጤቱን ብቻ ጻፍኩና ፈረምኩ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ አልክድም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ በመሆኑ ግን ሊቃውንታችሁ ሻምፒዮን አደረጉኝ፤ አንድ ሰው ለብቻው ተጫውቶ አምስት ለአራት ማሸነፉም ምንም አላስገረማቸውም።

2ኛ. ኤምሊን ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን ስለጎዳው ከኦክስጅን ቱቦ ጋር ነው የሚውለው። መጽሐፉን ለልደቱ የገዛችለት አንድያ ልጁ ኔሪስ ናት። እርሷ የተወለደችው ከፍጻሜው በኋላ ሲሆን፣ ዋንጫው በየዓመቱ ለሚቀጥለው አሸናፊ የሚተላለፍ ስለነበር በቤታቸው አንድም ምልክት የለም፤ የአካባቢያችን ጋዜጣም በዚያ ሳምንት የጻፈው ስለ ራግቢ ነበር። በልደቱ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ገጹን ፈልጋ አገኘችውና «አባዬ፣ እዚህ እኮ አጎቴ ደርዊን ነው የሚለው» አለች። ኤምሊን ትንፋሹን ሰብስቦ «እንኳን ደስ ያለህ ደርዊን፤ ለመሆኑ ማንን አሸነፍክ?» ብሎ ቀለደብኝ። እርሷ ግን አልሳቀችም። በኋላ በር ድረስ ሸኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባዬ ይህን ሁሉ ዘመን ሲነግረኝ የኖረው ፈጠራ ነው? ብትነግረኝ እኮ አልቀየመውም» ስትል ጠየቀችኝ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፤ እጄንም ጨብጣ አመሰገነችኝ፤ ለታመመ ጓደኛው ሲል የሚዋሽ ደግ ሰው ያየች እንደመሰላት ከፊቷ አነበብኩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

3ኛ. ስለሆነም በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስሜ ወጥቶ የኤምሊን ስም እንዲገባ ለመንኩ። ጽሕፈት ቤትዎም ውጤት የሚታረመው ጨዋታውን የዳኘው ሰው ሲያመለክት ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጸልኝ። እኔም የዳኘሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ቃል በቃል ይኸው፦ «መዝገቡ እንደሚያሳየው እርስዎ የጨዋታው አሸናፊ ነዎት፤ ተጫዋች የራሱን ጨዋታ ሊዳኝ ስለማይችል ማመልከቻዎ ተቀባይነት የለውም።» በሦስተኛው ደብዳቤዬ ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቅ፣ የተሸናፊውን ወገን ምስክርነት አቅርብ ተባልኩ። በመጽሐፋችሁ መሠረት ተሸናፊዬ «ያልተመዘገበ» የሚባል ሰው ነው፤ አድራሻውን የሚያውቅ ቢኖር ወሮታውን እከፍላለሁ። እውነተኛው ተሸናፊ ባሪ ስላተር ደግሞ ከተቀበረ አራት ዓመቱ ነው።

4ኛ. ጽሑፍ ካልገባቸው በቃል ልንገራቸው ብዬ፣ በኅዳር ወር ሼፊልድ ውስጥ ባዘጋጃችሁት የሻምፒዮኖች እራት ላይ ተገኘሁ። ስሜ ተጠርቶ የሻምፒዮንነት ሜዳሊያ ሲጠለቅልኝ፣ ይህ ሽልማት የእኔ እንዳልሆነና የኤምሊን ፕሮሰር እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ። የመድረክ መሪያችሁ «ይኸው፣ የድሮ ሰው ጨዋነት ማለት ይህ ነው!» አለና፣ ስለ ትሕትናዬ ሁለተኛ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። በማግስቱ ለኤምሊን ባሳየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ብትክድ ሦስተኛ ይጨምሩልሃል» አለኝ። ኔሪስ ቱቦውን እያስተካከለችለት ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

በአዲሱ ደብዳቤያችሁ የእርማት ኮሚቴው በየሁለት ዓመቱ እንደሚሰበሰብና የሚቀጥለው ስብሰባ የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የኤምሊን ሳንባ ግን የስብሰባ ፕሮግራማችሁ አልደረሰውም። ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና አሳትሙ አልልም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም የተደገፈች አንዲት መስመር፣ አባትሽ ያንን ዋንጫ አሸንፏል የምትል፣ አባቷ እየተነፈሰ ሳለ ለኔሪስ ፕሮሰር ትድረስልኝ። እኔን አታምነኝም፤ እናንተን ግን ታምናለች። ይህን እምነት እንዴት እንዳገኛችሁት አላውቅም።

ክቡርነትዎ በወንበርዎ ላይ ረጅም ዘመን እንዲቀመጡ፣ መዛግብትዎም እንደ እስካሁኑ ማንም ሳይነካቸው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ያለ ስቴካና ያለ ተጋጣሚ የሾማችሁኝ፣ በሁለት ሜዳሊያ አንገቴ የጎበጠው፣

የአክብሮት አገልጋይዎ
ደርዊን ቤይነን
የ1996 ጸደይ ውድድር ዳኛ፣ አበርዴር

ማስታወሻ፦ መጽሐፋችሁ በገጽ 212 ላይ፣ በስሜ የተመዘገበ ፋውል ስላልተገኘ፣ በፍጻሜ ጨዋታ አንድም ፋውል ያልሠራ ብቸኛው የዙሩ ሻምፒዮን ብሎ ያሞግሰኛል። ልክ ነው፤ አልሠራሁም። እውነተኛው ሻምፒዮን ግን በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ሠርቷል። ለመምታት ሲያጎነብስ እጅጌው ሰማያዊዋን ኳስ ነካት። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ስለነበር አላየሁም፤ ባሪም አላየም። ኤምሊን ቀና ብሎ «ደርዊን፣ ነክቻታለሁ። ለባሪ አምስት ነጥብ ቁጠርለት» አለኝና ሄዶ ተቀመጠ። ዳኛው በዐይኑ ያላየውን አንድ ጊዜ ሲነገረው አመነ። ለእናንተ ግን በጽሑፍ ሦስት ጊዜ፣ በቃል አንድ ጊዜ ነገርኳችሁ።